ባለ ጎማ ጫማ በአቦከር መንገድ

ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አምስት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይጓዛል። አዋሽን ከተሻገረ በኋላ የጭሮንና የሂርናን ጠመዝማዛ ዳገቶች ይወጣል፤ ቁልቢን፣ ሐረማያንና አወዳይን ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ከተማይቱ ከፊቱ ብቅ ትላለች። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች አየሯ ለስላሳ ነው። ከድሬዳዋ ሐሩር ወጥቶ በአንድ ሰዓት ገደማ ሐረር የገባ ሰው ወደ ማታ ላይ ነጠላውን መደረቡ አይቀርም።

አቦከር ከሐረሪ ክልል ስድስት የከተማ ወረዳዎች አንዷ ናት። ሌሎቹ አሚር ኑር፣ አባድር፣ ሸንኮር፣ ጅንኤላና ሐኪም ናቸው። ስሟ የአቡበከር ያገር አጠራር ነው። እንግዳ ሰው ግን መጀመሪያ ሲሰማው የሐረር ልጅ ከአፉ የማይለያት «አቦ» የምትለው ቃል ከስሙ ውስጥ የገባች ይመስለዋል። ሲቆጣም «አቦ»፣ ሲወድም «አቦ»፣ ሲለምንም «አቦ» ነው። ልጆች ከደጅ ጨዋታ ወደ ቤት ሲጠሩ «አቦ ትንሽ ቆይቼ!» ብለው የሚመልሱባትም ይህችው ቃል ናት።

ስለ ሐረር ስንጽፍ የዚህ ዓምድ አንባብያን ስለ ቤት ውስጥ መደቡ፣ ግድግዳው ላይ ስለሚደረደረው ስፌት፣ ስለ ቡናው ሊጠብቁ ይችላሉ። የዛሬው ጨዋታችን ግን ስለ ደጁ ነው። በከተማ የሚኖሩ ልጆች ደጅ ምን ይጫወታሉ? የት ይጫወታሉ? ባለ ጎማ ጫማ አጥልቆ በአስፋልት ላይ መንሸራተት፣ ማለትም ስኬቲንግ የሚባለው ጨዋታ፣ በከተሞቻችን ልጆች ዘንድ እየተወደደ በመጣበት በዚህ ጊዜ፣ እንደ አቦከር ባለ አሮጌና አዲስ በተጋጠመበት ሰፈር የመንገድ ላይ ውድድር ማዘጋጀት ቢታሰብ ምን ይጠይቃል? ከመንገድ ወደ መንገድ ስንዘዋወር በልባችን ይዘነው የዞርነው ጥያቄ ይኸው ነው።

አስቀድመን ስለ ጫማው ጥቂት እንበል። ባለ ጎማ ጫማ አዲስ ነገር አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጆን ጆሴፍ መርሊን የተባለ የቤልጅግ ተወላጅ ሎንዶን ውስጥ ከመኳንንት ግብዣ ላይ መንኰራኵር የገጠመበትን ጫማ አድርጎ ቫዮሊን እየመታ ገባ ይባላል። ማቆሚያ ግን አላበጀለትምና ውድ ከሆነ ትልቅ መስተዋት ጋር ተላትሞ መስተዋቱንም ቫዮሊኑንም ሰበረ፤ ራሱም ቆሰለ እየተባለ ይተረካል። በ1863 እ.ኤ.አ. ጄምስ ፕሊምተን የተባለ አሜሪካዊ ሁለት ጎማ ከፊት፣ ሁለት ጎማ ከኋላ አድርጎ እንደ ልብ የሚታጠፍ ጫማ ሠራ። ጎማዎቹ በአንድ መስመር የሚደረደሩበትን የዛሬውን ዓይነት ጫማ በሰፊው ያስፋፉት ደግሞ ስኮትና ብሬናን ኦልሰን የተባሉ የሚኒያፖሊስ ወንድማማቾች ናቸው። ወጣቶቹ የበረዶ ላይ ሆኪ ተጫዋቾች ስለ ነበሩ፣ በረዶ በማይኖርበት በበጋ ወራት የሚለማመዱበት ነገር ሲፈልጉ በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ ነገሩን ጀመሩት ይባላል። እንግዲህ ስፖርቱ የተስፋፋው በረዶ ባለበት አገር በረዶ ለጠፋበት ወቅት ነው። በረዶ በማናውቅበት አገር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይሆናል ማለት ነው።

እንደ እውነቱ ከሆነ ግን የእኛ አገር የከተማ ልጅ ለዚህ ጨዋታ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ለምኖ፣ ሁለት ጣውላ በሚስማር መትቶ፣ ቁልቁለቱን ከነጩኸቱ ያልተንደረደረ ልጅ በየትኛው ሰፈር አለ? ከእናት ዱላ ያልቀመሰስ? የዛሬው ባለ ጎማ ጫማም ቢፈታ በየጎማው መካከል የሚገኘው ያው ኩሽኔታ ነው፤ ውጪው ስፋቱ 22 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ፣ በትናንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ውስጥ የሚገባው ዓይነት ነው። አሸዋ ሲገባበት ይጮኻል፤ ውሃ ሲነካው ይዝጋል። ስለዚህ ጫማውን የገዛች እናት ልጇን «ታጥበህ ግባ» እንደምትለው ሁሉ «ጠርገህ አስቀምጥ» ማለትም ይኖርባታል።

በአዲስ አበባ ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ ማየት ይጠቅማል። በሚያዝያ ወር 2008 ዓ.ም. በአንድ የወጣቶች ማዕከል ግቢ ውስጥ ከልዩ ልዩ አገር በመጡ በጎ ፈቃደኞችና በአገሬው ወጣቶች ጉልበት የአዲስ አበባ የስኬት መናፈሻ ተሠራ። እዚያ የሚዘወተረው በይበልጥ ባለ ጎማ ጣውላው ነው፤ ጫማውና ጣውላው ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። መናፈሻው ሲከፈት ሜዳውን የሞሉት አብዛኛዎቹ ወንዶች ነበሩ። በ2020 እ.ኤ.አ. ሶስና ቻላ የተባለች ወጣት ከጓደኛዋ ጋር ሆና ሴቶች ልጆች ብቻ የሚማሩበትን «ኢትዮጵያን ገርል ስኬተርስ» የተባለውን ቡድን መሠረተች። ልጃገረዶቹ በተወሰነ ቀንና ሰዓት እየተገናኙ፣ ቀድማ የተማረችው ለኋለኛዋ እጇን እየሰጠች ይለማመዳሉ። የአዲስ አበባው ቡድን የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ፤ ሴቶች ልጆች ሜዳውን የለመዱት ሜዳው ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ብቻ አይደለም። የራሳቸው ሰዓት ስለ ተወሰነላቸው ነው።

ጎዳናውንም በተመለከተ ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች አንዳንድ መንገዶቻቸውን ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና አጽድተው ለእግረኛ ለቀቁ። ያን ጊዜ በአስፋልቱ ላይ ገመድ የዘለለውን፣ ኳስ የጠለዘውን፣ ባለ ጎማ ጫማውን አጥልቆ የተንሸራተተውን ሕፃን ያየ ሰው፣ ከተማ ውስጥ ስንት ልጅ መጫወቻ አጥቶ እንደ ኖረ ለመገመት አይቸገርም። ከዚያ በፊት ግን፣ እስከ ዛሬም ድረስ፣ በርካታ ወጣቶች የሚለማመዱት በመኪና መካከል ነው። አንዳንዱም ከሚሄድ የጭነት መኪና በስተኋላ ተንጠልጥሎ ዳገት ይወጣል። ነጂው በመስተዋቱ አያየውም። ከፊት ያለ መኪና ድንገት ሲቆም፣ የኋለኛው ፍሬን ሲይዝ፣ ልጁ የሚይዘው ፍሬን የለውም። እናት ይህን ጨዋታ ብትፈራ አይፈረድባትም።

ይሁን እንጂ ልጁ ጫማውን አንድ ጊዜ ከለመደ በኋላ በክልከላ ብቻ እንደማይተወው ሁላችንም እናውቃለን። ከቤት ተደብቆ፣ ጫማውን ከጓደኛው ቤት አስቀምጦ፣ እናት ወደ ሥራ ስትሄድ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። ስለዚህ ውድድር ማዘጋጀት የሚለው ሐሳብ የዋንጫ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የቦታና የሰዓት ጉዳይ ነው። መቼና የት መጫወት እንደሚቻል በግልጽ የተነገረው ልጅ፣ በሌላው ሰዓት «እምቢ» ሲባል የሚሰማበት ምክንያት ያገኛል።

አሁን ወደ ሐረር መንገዶች እንመለስ። ግንቡን፣ ማለትም ጁገልን፣ ያሠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት አሚር ኑር ናቸው። አምስቱ ጥንታዊ በሮች በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ፤ ሐረሪዎች ደግሞ አስማዲን በሪ፣ በድሪ በሪ፣ ሱቁታት በሪ፣ አርጎብ በሪና አሱም በሪ ይሏቸዋል። መኪና የሚገባበት ሐረር በር በኋላ ዘመን የተከፈተ ነው። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ማረፊያዎች አሉ። ከተማይቱ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍራለች።

ለባለ ጎማ ጫማ ግን ቅርስነት አይታሰበውም። በጁገል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መተላለፊያዎች ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢያሳልፉ ነው፤ የተነጠፈባቸውም ድንጋይ ነው። የልጆች ጫማ ጎማ ስፋቱ ሰባትና ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ከኮብልስቶን መገጣጠሚያ ሲደርስ ይያዛል፤ ጎማው ሲያዝ ልጁ ወደ ፊት ይሄዳል። ኮብልስቶን በየከተማው ለስንት ወጣትና ለስንት ሴት ድንጋይ ጠራቢ እንጀራ የሆነ ሥራ ስለሆነ አንነቅፈውም። ለአህያ፣ ለእግረኛና ለዝናብ ጎርፍ የተመቸ ነው፤ ለዚህ ጨዋታ ግን አይሆንም። በዚያ ላይ በነዚያ መተላለፊያዎች ጉሊት ዘርግተው ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ማገዶና ሣር የሚሸጡ የገጠር እናቶች አሉ። ከሌሊት ተነሥተው ከየመንደሩ በእግር የመጡ ናቸው። ለልጆች ጨዋታ ተብሎ የእነዚህ እናቶች ጉሊት ለአንድ ቀን እንኳ ቢነሣ የዚያ ቀን እራት ይጎድላል። ለጨዋታው ሲባል ይህ መሆን የለበትም ብለን እናምናለን።

ስለዚህ የሚታሰበው አስፋልቱ ነው። ከሐረር በር ወደ ውስጥ እስከ ፈረስ መጋላ የሚዘልቀው ዋና መንገድ አስፋልት ነው። ፈረስ መጋላ፣ የጥንቱ የፈረስ ገበያ፣ ዛሬም የከተማይቱ እምብርት ነው። ከበሩ ወደ ውጪ በአዲሱ ከተማ በኩል የሚዘረጋው ጎዳና ደግሞ ሰፋ ያለ ነው። ሐረር የምትታወቅባቸው አሮጌዎቹ ፔጆ 404 ታክሲዎችና ቁጥራቸው የበዛው ባጃጆች የሚርመሰመሱት በዚህ መንገድ ነው። ከአወዳይ በኩል ጫት ጭነው የሚበርሩትን አይሱዙዎች ማንም ያውቃቸዋል። ጫት ጠዋት ካልደረሰ ዋጋ የለውምና ነጂው አይጠብቅም፤ ስለዚህ ወደ ድሬዳዋ የሚያወጣውን ዋና መስመር ለውድድር መመኘት ከንቱ ነው። አቦከርን በመሰለ ወረዳ ውስጥ የሚፈለገው ከዋናው መስመር ገባ ያለ፣ አስፋልቱ ያልተቦደሰ፣ ሁለት ጫፉ በቀላሉ የሚዘጋ፣ ሦስት መቶ ወይም አራት መቶ ሜትር የሚሆን መንገድ ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ርዝመት ለልጆች አያስፈልግም።

የመንገዱ ተዳፋትነት ከርዝመቱ ይበልጣል። ሐረር ኮረብታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሰው ወደ ፈለገበት ሲሄድ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚንሸራተት ልጅ በአንድ ሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ይጓዛል። ከመስቀለኛው ባጃጅ ብቅ ሲል አይቶ ምን እንደሚያደርግ እስኪወስን ሁለት ሰከንድ ቢፈጅበት 11 ሜትር ሄዷል። ሩጫ ላይ ልጅ ሲደክመው ይቆማል፤ በጎማ ላይ ግን ቢደክመውም አይቆምም። ስለዚህ የመጨረሻው መስመር ከቁልቁለት ጫፍ ላይ ፈጽሞ አይሰመርም። ወደ ዳገት እየወጣ የሚያልቅ ውድድር ልጆቹን መንገዱ ራሱ ያበርድላቸዋል። ከመስመሩ በኋላም ቢያንስ ሃምሳ ሜትር ባዶ መንገድ መተው አለበት፤ እዚያ ቦታ ላይ አባቶችና እናቶች ካሜራ ይዘው እንዳይኮለኮሉ የሚያግድ ሰው ያስፈልጋል። በመታጠፊያው ዳር ከጎሚስታ ቤት የተለመኑ አሮጌ የመኪና ጎማዎች ቢደረደሩ፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶው ላይ ያረጀ ፍራሽ ቢታሰር፣ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ ብዙ አጥንት ይተርፋል።

በዋዜማው ደግሞ መጥረግ ነው። ጠጠር፣ አሸዋ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ ከመኪና የፈሰሰ ዘይት፣ ክዳኑ የተነሣ የውሃ ጉድጓድ፣ እነዚህ ሁሉ ለእግረኛ ቀላል ናቸው፤ ለጎማ ጫማ ግን አደጋ ናቸው። መንገዱን የሚያጣራው ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሳይሆን በእግሩ፣ ብቻውንም ሳይሆን ጫማውን ከሚያውቅ አንድ ወጣት ጋር መሄድ አለበት። መስመሩ በቀለም አይሰመር፤ በኖራ ይሁን። የቅርስ ከተማ ግንብ ላይም ማስታወቂያ አይለጠፍ፣ ሚስማር አይመታ።

ስለ ሰዓቱና ስለ ቀኑ ሐረር ላይ ማሰብ እንደ ሌላ ከተማ አይደለም። ዓርብ የጁምዓ ቀን ነው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። ረመዷን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚቀድም ቀን ሲቆረጥ መቁጠሪያ ማየት ያስፈልጋል። ጦም የዋለ ሕፃን አይወዳደርም፤ የወላጅ ሆድም አይችልም። ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም ስለሚመላለስ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ጥር ላይ ደግሞ የግማሽ ዓመት ፈተና አለ። በዚህ ሁሉ ተጣርቶ የሚተርፈው አንድ የኅዳር ወይም የታኅሣሥ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ነው። እሑድ የእናቶች የዕረፍት ቀን ነው የሚል ካለ፣ የሳምንቱን ልብስ የሚያጥበው ማን እንደሆነ ይጠየቅልን። እኛ ቅዳሜን እንመርጣለን፤ ቅዳሜ የምትሠራዋ እናት እንዳትቀርም ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ቢጀመር ይሻላል።

ማን ያዘጋጀው? የወረዳው አስተዳደር ፈቃድ፣ የወጣቶችና የስፖርት ሰዎች ዳኝነት፣ የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ እነዚህ የሚታወቁ ናቸው። አደጋ ቢደርስ ሕይወት ፋና ሆስፒታልም ጁገል ሆስፒታልም ከተማው ውስጥ ናቸው፤ የትኛው መንገድ ለአምቡላንሱ ክፍት እንደሚቆይ አስቀድሞ መወሰን ብቻ ነው። እኛን ይበልጥ የሳበን ግን ሐረር ውስጥ ከማናቸውም ጽሕፈት ቤት በፊት የነበረ ሌላ አደረጃጀት ነው፤ አፎቻ ይባላል። ሐረሪዎች ለሠርግና ለሐዘን የሚረዳዱበት ማኅበር ሲሆን፣ የወንዶች አፎቻ አለ፣ የሴቶችም አፎቻ አለ። አዲስ አበባ እድር የምንለውን የሚመስል ነው። አንድ የሴቶች አፎቻ ለሠርግ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ስንት እንጀራ እንደሚጋገር፣ ማን ውሃ እንደምታመጣ፣ ማን እንግዳ እንደምትቀበል በአንድ ቀን ይወስናል። ከዚህ የበለጠ የውድድር አዘጋጅ ከየት ይመጣል? የልጆቹን ስም መዝግቦ፣ የእያንዳንዱን ወላጅ ፈቃድ ጠይቆ፣ በየመስቀለኛው አንድ አንድ እናት ማቆም ለእነርሱ አዲስ ሥራ አይደለም። መስቀለኛ ላይ የቆመችን የሰፈር እናት ጥሶ የሚያልፍ ባጃጅ ነጂ ካለ ደግሞ ስሙም የእናቱም ስም ይታወቃል።

ስለ ወጪው ደግሞ የሚያስቸግረው ጫማው ነው። ከውጪ የሚመጣ ስለሆነ ለደመወዝተኛ ቤት ውድ ነው፤ የልጅ እግር ደግሞ በየዓመቱ ያድጋል። እንደ እግሩ ልክ የሚሰፋና የሚጠብብ የልጆች ጫማ አለና ከሦስትና ከአራት ቁጥር በላይ ያገለግላል። አምስት እንደዚህ ያለ ጫማ በጋራ ያለው ሰፈር ሃያ ልጅ በየተራ ሊያስለምድ ይችላል። ውድድሩም ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚጋፉበት ሳይሆን ልጆች አንድ በአንድ ወይም ሁለት በሁለት ተነሥተው በሰዓት የሚለኩበት ቢሆን ጫማው ከእግር ወደ እግር ያልፋል። በትልልቅ ውድድሮች በየዙሩ የመጨረሻው ተወዳዳሪ እየወጣ የሚሄድበት የማጣሪያ ዘዴ አለ፤ ለአዋቂ ልብ ሰቃይ ነው፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን መገፋፋትንና ልቅሶን ያመጣል። አንድ ሰዓት መያዣ፣ አንድ ፊሽካ፣ አንድ ደብተር ይበቃል።

የራስ መከላከያው ግን በተራም ቢሆን ሊቀር አይገባም። ሄልሜት የሌለው ልጅ አይነሣም ተብሎ በመጀመሪያው ቀን ከተቆረጠ ለሁለተኛው ቀን ክርክር አይኖርም። በዚህ ጨዋታ አብዝቶ የሚጎዳው የእጅ አንጓ ነው፤ ልጅ ሲወድቅ መዳፉን ዘርግቶ ይወድቃልና። ስለዚህ የእጅ አንጓ፣ የክርንና የጉልበት መከላከያ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሐረር አንድ ዕድል አላት። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ልብስ ሰፊዎች በመኪናቸው ተደርድረው የሚሰፉበት መንገድ አለ፤ ስሙም ከመኪኖቹ ድምፅ የተነሣ መኪና ግርግር ይባላል። ጨርቅ ገዝተው ሲወጡ ወዲያው በልክዎ ይሰፋልዎታል። ስፖንጅ በወፍራም ሸራ መካከል ከትቶ ማሰሪያ የተበጀለት የጉልበትና የክርን መከላከያ ለእነዚህ ባለሙያዎች የአንድ ሻይ ጊዜ ሥራ ነው። ሄልሜትና የእጅ አንጓ መያዣ ግን በስፌት አይሠራም፤ እርሱ ይገዛ።

ከውድድሩ አስቀድሞ ጥቂት ሳምንት ልምምድ የግድ ነው። የሚማሩትም መፍጠን አይደለም። መጀመሪያ መውደቅ ነው፤ ጉልበት አጥፎ፣ ወደ ፊት አዘንብሎ፣ በጉልበት መከላከያው ላይ ማረፍ። ቀጥሎ መቆም ነው፤ ብዙውን ጊዜ በቀኝ ጫማ ተረከዝ ላይ ያለችውን ላስቲክ መሬት አስነክቶ መቆም። ይህን ሁለት ነገር ሳያሳይ ቁጥር ደረቱ ላይ የሚለጠፍለት ልጅ መኖር የለበትም። ያ መርሊን የተባለ ሰው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሚነገርበት ታሪክ ይህንኑ ማቆም ስላልተማረ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ድካም የሚል ቢኖር፣ ነገሩ በዓለም ላይ የት እንደ ደረሰ ማየት ይችላል። በቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በሐምሌ 2013 ዓ.ም.፣ በጎዳና ስኬት ቦርድ የሴቶች ውድድር ወርቁን የወሰደችው የጃፓኗ ሞሚጂ ኒሺያ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ብር ያገኘችው የብራዚሏ ራይሳ ሊአልም 13 ዓመቷ ነበር። በባለ ጎማ ጫማ የፍጥነት ውድድር ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. በቦነስ አይረስ የወጣቶች ኦሊምፒክ ላይ ሴቶችም ወንዶችም ተወዳድረውበታል። በርሊን ውስጥ ከታላቁ ማራቶን በፊት ባለው ቅዳሜ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በባለ ጎማ ጫማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን ይሄዳሉ፤ ፈጣኖቹ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። በነጋታው እሑድ ሯጮቹ ይከተላሉ። የእኛዋ ትዕግሥት አሰፋ በመስከረም 2016 ዓ.ም. 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው እዚያው በርሊን ላይ ነው። ውድድሩ የሚያልቀው የከተማይቱን ጥንታዊ በር ካለፉ በኋላ ነው። ሐረር በር ከዚህ ቢያንስ ዕድሜው እንጂ ክብሩ አያንስም።

ስለ ሴቶች ልጆች ሳናነሣ አናልፍም። በርካታ እናቶች ወንዱን «ተጠንቀቅ» ብለው ያሰናብታሉ፤ ሴቷን ግን «ሰው ምን ይላል» ብለው ያስቀራሉ። እንዲህ የምትል እናት ክፉ ሆና አይደለም፤ መንገድ ላይ ልጃገረድ ምን እንደሚደርስባት ከራሷ ስለምታውቅ ነው። ነገር ግን ሐረር ራሷ ለዚህ መልስ ያላት ከተማ ትመስለናለች። ሹዋሊድ የተባለው በዓላቸው፣ ከረመዷን በኋላ የስድስቱ ቀን ጾም ሲፈጸም የሚከበረው፣ ከጥንት ጀምሮ ልጃገረዶች አጊጠው በከተማይቱ መንገዶች የሚወጡበት፣ ወጣቶች የሚተያዩበት በዓል ነው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ልጃገረድ በመንገድ ላይ፣ በሰው ፊት፣ በወላጅ ዕውቀት፣ በደስታ መታየቷ እንግዲህ እዚህ ከተማ ውስጥ ቅርስ ነው። ሱሪና ረጅም ሸሚዝ፣ ከሄልሜቱ ሥር በጥብቅ የታሰረ ሻሽ ለዚህ ጨዋታ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ወደ ጎማ የሚገባ ልቅ ጫፍና የሚውለበለብ ነጠላ ብቻ ነው። የአዲስ አበባዎቹን ልጃገረዶች ምሳሌ በመከተልም ለሴቶቹ የልምምድ ሰዓት ለብቻ ቢወሰን፣ የውድድሩም መክፈቻ የእነርሱ ዙር ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለተኛ የሚወጡ ከሆነ ሰዓቱ አልቆ መንገዱ ሲከፈት እነርሱ ይቀራሉ። ስንት ስብሰባ ላይ «የሴቶች ጉዳይ» በመጨረሻ ተይዞ ሳይደረስበት እንደ ቀረ ሠራተኛዋ አንባቢያችን ታስታውሰዋለች።

በአገራችን የጎዳና ላይ ውድድር ለሴቶች አዲስ አለመሆኑንም እናስታውስ። ታላቁ ሩጫ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር በአዲስ አበባ ጎዳና ሴቶችና ወንዶች በአንድነት ሮጡ፤ «ቅድሚያ ለሴቶች» የተባለው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. ተከተለ። ከዚያ በፊት ሩጫ የአትሌት ብቻ ነው ስትል የነበረች ስንት የቢሮ ሠራተኛ ከጎረቤቷ ጋር ቲሸርት ለብሳ ወጥታለች።

ሽልማቱስ? ከሱቅ የሚገዛ ፕላስቲክ ዋንጫ ሐረር ላይ ማየት አንሻም። የከተማይቱ ሴቶች በቀለም ያሸበረቀ ስፌት እየሰፉ ቤታቸውን የሚያስጌጡ ባለ ሙያዎች ናቸው። አንዲት ትንሽ ስፌት በአሸናፊዋ ቤት ግድግዳ ላይ ብትሰቀል ከዋንጫ በላይ ትታያለች፤ የሰፊዋም እናት ዋጋዋ በጊዜው ይከፈላት። ለቀሩት ልጆች ብርቱካንና ውሃ ይበቃል። የስኳር መጠጥ በነፃ የሚሰጥ ድርጅት ሊመጣ ይችላል፤ ጥርሱን የምታስነቅልለት እናት ስለሆነች እርሷ ትወስን።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ኖራው እየተጠረገ፣ ጎማዎቹ ወደ ጎሚስታ ቤት እየተመለሱ፣ ፍራሹ ከምሰሶው እየተፈታ መንገዱ ይከፈታል። ትራፊኩ ፊሽካውን ሲነፋ መጀመሪያ የሚገባው ባጃጅ ነው፤ ከኋላው ፔጆው ይከተላል። ጫማዎቹ በጨርቅ ተጠርገው፣ ኩሽኔታቸው ዘይት ተቀብቶ፣ በአንድ ጆንያ ታስረው በአፎቻዋ ሰብሳቢ ቤት ይቀመጣሉ፤ ቁልፉም በእርሷ እጅ ነው። የሚቀጥለው ልምምድ ቅዳሜ ማለዳ ሲሆን በመጀመሪያ የሚወጡት ሴቶቹ ናቸው።